ሶፍትዌር ስንገዛ ከሰርተፊኬቱ ባሻገር
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)






እንደሚታወቀው ዩኒየናችን የመጋዘንና የሂሳብ ሥራውን በኮምፒውተር ለማካሄድ ሶፍትዌር ለመግዛት በዝግጅት ላይ ይገኛል። ሻጭ ድርጅቶች በቅድሚያ የሚያሳዩን የጥራት ሰርተፊኬታቸውን ነው። ለመሆኑ ይህ ወረቀት የሚመሰክረው ስለ ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው አይ.ኤስ.ኦ 9001 የሚመሰክረው ስለ ድርጅቱ የአሠራር ሥርዓት እንጂ ስለሚሸጠው ሶፍትዌር አይደለም። ሲ.ኤም.ኤም.አይ የተባለውም ቢሆን በ5 ደረጃዎች የሚመዝነው የድርጅቱን የአሠራር ብስለት ነው። እኛ ቡና አምራቾች ይህን ልዩነት እናውቀዋለን። የኦርጋኒክ ሰርተፊኬት ቡናው እንዴት እንደተመረተ ይናገራል፤ ጣዕሙ የሚታወቀው ግን ቀማሹ ሲቀምሰው ነው። ለሶፍትዌሩ ለራሱም አይ.ኤስ.ኦ/አይ.ኢ.ሲ 25010 የተባለ መስፈርት አለ፤ ከሚዘረዝራቸው መመዘኛዎች መካከል ትክክለኛነት፣ አስተማማኝነትና ደህንነት ይገኙበታል።

ይህን ቸል ማለት የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ነው። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የሂሳብ ሶፍትዌር ሥራ ላይ አዋለ። ሶፍትዌሩ የገንዘብ ጉድለት ሲያሳይ የታመነው ማሽኑ እንጂ ሰዉ አልነበረም። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የፖስታ ቅርንጫፍ ኃላፊዎች፣ ያለጥፋታቸው ተፈረደባቸው። በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሶፍትዌሩ ስህተቶች እንደነበሩበት አረጋገጠ፤ በ2024 የወጣ ሕግም የብዙዎቹን ፍርድ ሰረዘ። የባከነውን ዕድሜ ግን የሚመልስ ሕግ የለም።

ነገ የአንዱ መሠረታዊ ማኅበራችን የመጋዘን ሠራተኛ «10 ኩንታል አጉድለሃል» ቢባል በምን እናጣራለን?

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሻጩ ሶፍትዌሩን በራሳችን ያለፈው ዓመት ደረሰኞች ሞክሮ ያሳየን። ሁለተኛ፣ አንድ የግዥ ወቅት ሙሉ የወረቀት መዝገቡና ኮምፒውተሩ ጎን ለጎን ይሂዱ። ሦስተኛ፣ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ሶፍትዌሩ መዝግቦ እንዲይዝ፣ ልዩነት ሲገኝም ሰው ከመከሰሱ በፊት ሶፍትዌሩ እንዲመረመር በውሉ ላይ ይስፈር።

በዚያ ኮምፒውተር የሚመዘገበው የአባሎቻችን ላብ ነውና እንጠንቀቅ።