በደጋ አገር የባለ ሁለት ምት ሞተርን ኃይል ስለ ማደስና ስለ ማሻሻል



ዛሬ የምናገርበት ሞተር በአካሉ አነስተኛ ቢሆንም የብዙ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ የተመሠረተበት ነው። በሰቆጣ ከተማ ዳገትና ቁልቁለት ሰውና ጭነት የሚያመላልሱ የባጃጅ ባለንብረቶች፣ እንዲሁም ወደ ጋዝጊብላ ከፍታዎች በሞተር ብስክሌት የሚወጡ ሠራተኞች፣ ወደ ባለሙያ የሚመጡት ዘወትር አንድ ጥያቄ ይዘው ነው፤ «ዳገቱን አልወጣ ብሎኛልና ኃይሉን ጨምሩልኝ» ይላሉ። በኋላ ዘመን የመጡት ባጃጆች ባለ አራት ምት ሞተር የያዙ ቢሆኑም፣ ባለ ሁለት ምቱ ዕድሜው ገፍቶም ከእጃችን አልወጣም። ስለሆነም ለዚህ ጥያቄ ሙያችን ሊሰጠው የሚገባውን መልስ በቅደም ተከተል ለማቅረብ እወዳለሁ።

እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ በ1891 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥሪት መሠረት፣ ይህ ሞተር አየርና ነዳጁን በመጀመሪያ በክራንክ ቤቱ ውስጥ ያምቃል፤ ቀጥሎም ፒስተኑ ሲወርድ በሚገለጡ ቀዳዳዎች ወደ ሲሊንደሩ ያሻግራል። ቅባቱም ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይገባል። ከዚህ የተነሣ ክራንክ ቤቱ እንደ ፓምፕ፣ ቤንዚኑም እንደ ቅባት ተሸካሚ መታየት አለባቸው። ይህን የዘነጋ ጥገና ኃይል ሊያስገኝ አይችልም።

አሁን ወደ አገራችን ሁኔታ እንምጣ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ጥግግት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ኃይሉም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ በባሕር ወለል 7 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በሰቆጣ የሚሰጠው 5.6 ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተሩ ግን ነዳጁን በዚሁ መጠን አይቀንስም። ለባሕር ወለል የተመረጠ ጂግለር በሰቆጣ ከሚገባው 12 በመቶ ያህል የበለጠ ቤንዚን ያሳልፋል። ካንዴላው የሚጠቁረው፣ ጭሱ የሚበዛው፣ ማርሚታው በጥላሸት የሚደፈነው በዚህ ምክንያት ነው። ባለንብረቱ «ሞተሩ ደከመ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የጠፋውን መመለስ ነው። የጭስ መውጫው ቀዳዳና ማርሚታው ከጥላሸት ይጽዱ። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካ፤ ሞላላ ሆኖ ከተገኘ በቶርኖ ቤት ሰፍቶ የሚመጥነው ፒስተንና ፋሻ ይግባለት። ፋሻው ወደ ፒስተኑ ከመግባቱ በፊት ብቻውን በሲሊንደሩ ውስጥ ተቀምጦ የጫፎቹ ክፍተት ይለካ። በመጨረሻም መግቢያና መውጫው ተደፍኖ ክራንክ ቤቱ በ0.4 ባር ያህል አየር ይፈተን። ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ከወረደ፣ በዘንጉ ጫፍ ያለው ፓራዮሊ ወይም ጓርኒሲዮኑ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ሞተር ምንም ዓይነት ማሻሻያ ሊደረግበት አይገባም፤ ሾልኮ የሚገባው አየር ድብልቁን አሳስቶ ፒስተኑን ያቃጥለዋልና።

ከዚህ በኋላ ስለ ማሻሻል መነጋገር ይቻላል። በባለ ሁለት ምቱ የባጃጅ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ምት እያንዳንዳቸው 57 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ይዘቱም 145.45 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል። የእምቅታውን ልክ ለምሳሌ 8 ለ 1 ብንይዝ፣ የቃጠሎው ክፍል 20.8 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ከቴስታታው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢላጭ እስከ 1.3 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይቀነሳል፤ እምቅታውም ወደ 8.5 ለ 1 ይጠጋል። በደጋ የሚገባው አየር የሳሳ በመሆኑ ሞተሩ ይህን ያህል ጭማሪ መሸከም ይችላል። ሆኖም በየመንገዱ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚቸረቸረው ቤንዚን ጥራቱ የማይታወቅ ስለሆነ ከዚህ ማለፍ አደገኛ ነው።

ብዙዎች የሚቸኩሉት ግን ሞረድ አንሥተው የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ወደ ላይ ለማስፋት ነው። በምሥራቅ ጀርመን የኤምዜድ ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ቫልተር ካደን፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የጭስ ቧንቧውን የግፊት ሞገድ በመጠቀም የውድድር ሞተሮችን ኃይል እጅግ ከፍ እንዳደረገ ይታወቃል። በ1961 እ.ኤ.አ. 125 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያለው ሞተሩ 25 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጥ ነበር። ይህ ኃይል የተገኘው ግን እጅግ ፈጣን በሆነ ዙር፣ በጠባብ ክልል ውስጥ ነው። ሦስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ተሽከርካሪ ጉልበቱን የሚፈልገው በዝቅተኛ ዙር ነው፤ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ደግሞ የሚሸሸው ይኸው ጉልበት ነው። በሞተር ብስክሌት ላይ የፊቱን ጥርስ ከ15 ወደ 14 መለወጥ ብቻ ለኋላው ጎማ 7 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል። የሚከፈለው ዋጋም ጥቂት ፍጥነት ብቻ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልጥቀስ። የዋግ ሕምራ መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ነው። ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ ከፍታው በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ይቀንሳል። በሰቆጣ ልክ የነበረው ድብልቅ በሸለቆው ከ5 እስከ 6 በመቶ ይሳሳል፤ የጨመርነውም እምቅታ በወፍራሙ አየር ይከብዳል። በዚያ ላይ በረጅም ቁልቁለት ነጂው ጋዙን ዘግቶ ሞተሩን በፍጥነት ሲያዞረው፣ ቤንዚኑ ሲቋረጥ ቅባቱም አብሮ ይቋረጣል። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር የሚነክሰው በዚህ ጊዜ ነው። አንዳንዱ ነጂ ይህን ፈርቶ በአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር የነበረውን ዘይት እጥፍ ያደርጋል። ነገር ግን ዘይቱ የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ ድብልቁ ይብሱን ይሳሳል። መፍትሔው ጂግለሩን ተሽከርካሪው ተጭኖ በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ልክ መምረጥ፣ በቁልቁለትም ጋዙን በየጊዜው ጥቂት መክፈት ነው። ኃይል የተጨመረለት ሁሉ ፍሬኑ አብሮ ሊመረመርለት እንደሚገባም አያጠያይቅም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ አንድ ፒስተን ሲነክስ ባለንብረቱ የሚያጣው የመለዋወጫውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መለዋወጫው ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ ድረስ የቤተሰቡ ገቢ ይቆማል። ስለዚህ ሞተር ያደሰ ባለሙያ ሁሉ የጂግለሩን ቁጥር፣ ከቴስታታው የተላጨውን፣ የፋሻውን ክፍተት፣ የዘይቱን ልክና ተሽከርካሪው እስከምን ከፍታ ድረስ ሊወርድ እንደሚችል በአንድ ወረቀት በአማርኛ ጽፎ ለባለንብረቱ እንዲያስረክብ አሳስባለሁ። ማኅበራችንም ይህን ወረቀት አንድ ወጥ አድርጎ በማሳተም ለየጋራዡ ቢያድል፣ ቀጣዩ ባለሙያ በግምት ሳይሆን በልኬት ይሠራል።