የቆዳ ጀልባና የሸክም ምልክቱ

 

የዛሬው ንግግሬ ስለ ቆዳ ጀልባ ነው። «ላስታ ደጋ አይደለም ወይ? ተራራ ላይ ምን ጀልባ አለ?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የእኛው የላሊበላ ዮርዳኖስ እንኳ በበጋ ጫማ ሳያረጥብ የሚታለፍ ነው። ነገር ግን ታላቁ ተከዜ የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ትናንት ልጅ የዘለለውን ወንዝ ዛሬ በቅሎ አይደፍረውም። እኔ የማስተምርበት ቀበሌ በወንዝ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ወዲህ፣ ግማሹ ሕዝብ ወዲያ። ማዶ ያሉት የጎልማሳ ተማሪዎች ፊደል ለይተው ስማቸውን መጻፍ ሲጀምሩ ወንዙ ይሞላና ትምህርቱ ይቋረጣል። ወንዙ ሲጎድል እንደገና ከ«ሀ» እንጀምራለን። ጀልባ ወደ መሥራት ያስገባኝ ይኸው ነው።

አባቶቻችን ወንዝ ሲሞላ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የፍየል ቆዳ ሳይቀደድ ሙሉውን ተገፎ፣ ለፍቶ፣ እግርና አንገቱ ታስሮ ሲነፋ ዋናተኛውን ከደረቱ ሥር ሆኖ ደግፎ ይይዘዋል። በዓባይ መሻገሪያዎች ደግሞ የበሬ ቆዳ፣ ማለት ጀንዲ፣ ይዘረጋና ዕቃው ከመካከሉ ይደረጋል፤ ጠርዙ ዙሪያውን ወደ ላይ ተሰብስቦ በጠፍር ይታሰራል፤ ዋናተኞች እየገፉ ያሻግሩታል። የጣና ታንኳ ከዚህ ይለያል። እሱ ከደንገል የሚታሰር ነው፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ ያወጡና ያደርቁታል። ዛሬ ዛሬ የተነፋውን ቆዳ ቦታ ቢጫው ጀሪካን ወስዶታል።

ጀንዲ ብቻውን ቅርጽ የለውም። ውስጡ የእንጨት አጥንት ቢገባለት ግን ጀልባ ይሆናል። ዘዴው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለመሆኑ ከበሮ ምንድን ነው? በእንጨት ላይ የተወጠረ ቆዳ አይደለም ወይ? ብራና ሲዘጋጅ የፍየሉ ቆዳ በአራት ማዕዘን እንጨት ላይ ይወጠራል። አልጋ በጠፍር የጠፈረ ሰውም ጠፍር እርጥቡን እንደሚታሰርና ሲደርቅ እንጨቱን አንቆ እንደሚይዝ ያውቃል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ አገር የጀልባ ሥራ ግማሽ እውቀት በቤቱ አለው።

በሌላውም ዓለም የቆየ ሥራ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከአርመን አገር ወደ ባቢሎን ስለሚወርዱ ጀልባዎች ጽፏል። አጥንታቸው የአኻያ እንጨት፣ ልብሳቸው ቆዳ፣ ቅርጻቸው እንደ ጋሻ ክብ ነበር። ባለ ጀልባው አህያ አብሮ ይጭናል። ባቢሎን ሲደርስ ጭነቱንና እንጨቱን ይሸጥና ቆዳውን በአህያው ጭኖ በእግሩ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ወንዙ ሽቅብ አያስቀዝፍምና። አኻያ በእኛም ወንዝ ዳር ይበቅላል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ነው ልቤ የተነሣው።

የመጀመሪያዋን ጀልባ ማንንም ሳልጠይቅ ሠራሁ። የበሬ ቆዳ ገዝቼ፣ ጠጉሩን ፍቄ፣ ሳላለፋው እርጥቡን በእንጨቱ ላይ ወጠርሁት። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ጮኸ፤ ደስ አለኝ። ሁለት ቀን በደንብ ሠራች። በሦስተኛው ቀን ቆዳው ረስርሶ ላላ፣ ሸተተ፣ ስፌቱም አፉን ከፈተ። የጫንሁት 18 ደብተር ነበር። ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ ቀለሙ ግን ፈስሶ ነበር። አንዲት እናት የልጆቻቸውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በተራ የጻፉበት ገጽ ሰማያዊ ውሃ ሆኖ ቀረ። እኔ ማፈሬን አይተው «ግድ የለም መምህር፣ አሁንማ እችለዋለሁ፤ ደግሜ እጽፈዋለሁ» አሉኝ።

ቆዳ ወደሚያለፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ የሄድሁት ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ኋላ ግን «ልጄ፣ ጥሬ ቆዳ ለአልጋ ነው እንጂ ለውሃ አይሆንም፤ ይበሰብሳል» አሉኝ። ከእኚህ ሰው ጋር ማዕድ ለመቁረስ የሚጸየፍ ሰው በሰፈራችን መኖሩን ሳልናገር አላልፍም። እህሉን የሚጭነው ግን በእሳቸው አቁማዳ ነው!

ሁለተኛዋን አብረን ሠራን። ለአጥንቱ አውራ ጣት የሚያህል የአኻያ ዘንግ መረጥን፤ እርጥቡን ሳይሰበር ይታጠፋል፣ ቀላልም ነው። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ግን ይከብዳል። ከላይ የጀልባዋን አፍ የሚይዝ ሞላላ ቀለበት ታጠፈ፤ ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 80። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጎድን አጥንት 9 ዘንግ፣ በርዝመቱ ደግሞ 5 ዘንግ ገባ። ጥልቀቷ 30 ሳንቲ ሜትር ሆነ። መገናኛው ሁሉ በጠፍር ታሰረ እንጂ ሚስማር አልነካውም። ሚስማር ዘንጉን ይሰነጥቃል፤ ጫፉም ቆዳውን ይበሳል። በጠፍር የታሰረ አጥንት ግን ድንጋይ ሲነካው ሸብረክ ብሎ ይመለሳል። ጠፍሩ ረጥቦ እንዳይላላ ሰምና ሞራ ቀባነው።

ቆዳውን ሽማግሌው በግራር ቅርፊት እየዘፈዘፉ አለፉት። ሳምንታት ፈጀ፤ እኔ ስቸኩል እሳቸው አልቸኮሉም። አንድ ቆዳ ስላልበቃ በሁለተኛ ቀጠልነው። ታዲያ ቅጥያው የተደረገው ከጀልባዋ ሆድ ላይ ሳይሆን ከጎኗ ከፍ ብሎ፣ ውሃው ከማይደርስበት ነው። ወስፌ የበሳው ቀዳዳ ሁሉ የውሃ በር ነውና። ሁለቱ ቆዳዎች ሦስት ጣት ያህል ተደራርበው በጅማት ሁለት ጊዜ ተሰፉ፤ በስፌቱም ላይ ሰምና ሞራ ቀልጦ ፈሰሰ። ቆዳ ያጣ ሰው ወፍራም ሸራ ወጥሮ ቀለም ወይም ሰም ሊያጠጣው ይችላል፤ አጥንቱ ያው ነው።

ትልቁ ሥራ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ ተገልብጣ፣ ከመሬት ከፍ ብላ፣ በጥላ ትደርቃለች። ፀሐይ ላይ ከተሰጣች ቆዳው ይሰነጠቃል። በየሳምንቱ ሞራ ትቀባለች። ማታ ደጅ አታድርም፤ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለውን ጅብ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የእኛን ቢያገኝ ግን ለማስነጠፍም አይጠብቅ። ሳትጫን በፊት ወደ ፀሐይ ታነሡና ከውስጥ ትመለከታላችሁ፤ የብርሃን ነጥብ ከታየ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ከቀዳዳው ሦስት እጥፍ የሚሰፋ የለፋ ቆዳ ከውጭ ተደርቦ ዙሪያውን ይሰፋል፣ ሰምም ይደረግበታል።

ቆዳ መጣፍ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቲም ሴቨሪን የተባለ ተጓዥ 49 የበሬ ቆዳ በለበሰ የእንጨት ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1976 ከአየርላንድ ተነሥቶ በ1977 ኒውፋውንድላንድ፣ ማለት ሰሜን አሜሪካ ደርሷል። በመንገዱ ላይ ተንሳፋፊ በረዶ ቆዳውን ቢበሳው፣ እዚያው ባሕር ላይ እንዳሉ በዚያ ብርድ ቆዳ ጥፈው በእጅ ሰፉት። ጀልባቸው የእንጨት ሳንቃ ቢሆን ኖሮ በወስፌና በክር የሚድን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሁለተኛዋ ጀልባ በደንብ ስለ ሠራች ሰው ማሻገር ጀመርን፤ ከወዲህና ከወዲያ በገመድ እየሳብን። አንድ ቀን አንድ ወጣት 25 ኪሎ ገብስ ይዞ ገባ። ዳር ሊደርስ ሁለት ክንድ ሲቀረው ለመዝለል ብድግ አለ። ጀልባዋ ተገለበጠች። ልጁ ጠርዟን ይዞ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወርዶ በድንጋይ ላይ ተያዘ፤ ተረፈ። ገብሱ ሄደ። እናቱ ለብዙ ቀን አላነጋገሩኝም፤ እውነት አላቸው። ቀላል ጀልባ ላይ እንደማይቆም አልነገርሁትም፤ ጀልባዋ ስንት እንደምትሸከምም ራሴ አላሰላሁም። መምህር ነኝ እኮ!

ሒሳቡን ያን ሌሊት ሠራሁት። ጀልባ የምትሸከመው ገፍታ ያስለቀቀችውን ውሃ ክብደት ያህል ነው፤ 1 ሊትር ውሃ ደግሞ 1 ኪሎ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ባዶ ጀሪካን፣ ክዳኑ ከጠበቀ፣ የራሱ ክብደት ሲቀነስ 19 ኪሎ ያህል ያነሣል። የእኛ ጀልባ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ውሃው እንድትገባ ብንፈቅድ፣ 150 በ80 በ10 ሲባዛ 120,000፤ ይህም 120 ሊትር ነው። ሞላላ ስለ ሆነች ሩቡን፣ 30ን፣ እንቀንሳለን፤ 90 ይቀራል። የራሷ ክብደት 20 ኪሎ ሲወጣ 70። እንግዲህ አንድ ሰው፣ ያውም ያለ ገብስ።

በማግስቱ ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ለክተን በጀልባዋ ዙሪያ ቀይ መስመር አሰመርን፤ ከበላዩም «70 ኪሎ» ብለን ጻፍን። ውሃው ቀዩን ከነካ ጀልባዋ አትነሣም። በእንግሊዝ አገር ከመጠን በላይ ተጭነው በሚሰምጡ መርከቦች ብዙ መርከበኞች ያልቁ ስለ ነበር፣ ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የምክር ቤት አባል ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ1876 በመርከብ ጎን የጭነት ምልክት እንዲደረግ ሕግ ወጣ። የእኛው መስመር የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

ከወፍጮ ቤት ሚዛን ተዋስን። ስምና ኪሎ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ እኚያ የልጆቻቸው ስም የፈሰሰባቸው እናት «እኔ አለሁ» አሉ። አንድ ቀን እኔው ራሴ መጻሕፍት ይዤ ለመሻገር መጣሁ። 62 ኪሎ እኔ፣ 12 ኪሎ ቦርሳዬ። ደመሩና ቀና ብለው አዩኝ። «መምህር፣ ቦርሳዎን ለብቻው ይላኩት።» ላኩት።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ይህች ጀልባ ረጋ ብሎ ለሚሄድ ውሃ እንጂ ለደራሽ አይደለችም። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ አረፋና ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ ከላይ ጉምጉምታ ከተሰማ፣ እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ከተራራው ዘንቧል፤ ከወንዙ ራቁ። ገመዱን በወገባችሁ ወይም በእጃችሁ አንጓ አትጠምጥሙ። ተሳፋሪው ዳር ደርሶ ሌላ ሰው ጠርዟን እስኪይዝለት ቁጭ ይበል። ሕፃን ያዘለች እናት አዝላ ሳይሆን ልጁን ከፊቷ ታቅፋ ትቀመጥ።

ለሚመጣው ሳምንት ይህን በደብተራችሁ ሥሩ። አንዲት ሞላላ ጀልባ ርዝመቷ 200፣ ወርዷ 100 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የራሷ ክብደት 25 ኪሎ ነው፤ ቀዩ መስመር ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ተሰምሯል። እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች 20 ኪሎ ጤፍ ይዘው አብረው ሊሻገሩ መጡ። መዝገቡ በእናንተ እጅ ቢሆን ምን ትሏቸዋላችሁ?