ሕፃናት ሕይወት ያለውን በቃል ስለ መለየታቸው

ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ለጆሮ ቀላል ይመስላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ከባድ ነው። በዱርቤቴና በአቸፈር ገጠር ላም ሞተች ይባላል፤ ዋንዛ ግን ደረቀ እንጂ ሞተ አይባልም። ጥጃ ይወለዳል፤ ችግኝ ይበቅላል። በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ ሕፃን፥ ዛፍ ነፍስ አለውን? ቢሉት የለውም ብሎ ቢመልስ አያስደንቅም። ነፍስ በእኛ አነጋገር ደምና ትንፋሽ ላለው የተሰጠች ናትና።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያንም የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፤ እንስሳት ግን በደመ ነፍስ ይኖራሉ ብለው ለይተው አስተምረዋል። ሰውን እንስሳ ማለት ስድብ የሆነውም ስለዚህ ነው። (በዚህች ቃል የተነሣ ስንት ጠብ አስታርቀናል!) ይህን መለየት አንነቅፈውም፤ ለልጅም ሳይጠቅመው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2008 አንጎሮ፣ ዋክስማንና ሜዲን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ4 እስከ 9 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ጠይቀው ነበር። በእንግሊዝኛ ‹‹አኒማል›› የሚለው ስም አንድ ጊዜ ሰውን ይጨምራል፣ አንድ ጊዜ ያስቀራል፤ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ግን እንደ እኛው እንስሳ ሰውን አይጨምርም። ሕይወት ያለው የትኛው ነው? ሲባሉ፥ ከፍ ከፍ ያሉት የኢንዶኔዥያ ልጆች ዕፅዋትንም እንስሳትንም መረጡ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ እኩዮቻቸው ግን ዕፅዋትን ወደ መተው አዘነበሉ።

እንግዲህ እኛን የሚያሳስበን እንስሳ የሚለው ስም ሳይሆን ‹‹ደረቀ›› የሚለው ቃል ነው። እረኛው ልጅ የዋንዛውን ቅርፊት ዙሪያውን ልጦ ሲሄድ ነፍስ ያጠፋ አይመስለውም። ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ግን በዚያው ቅርፊት ነው፤ ዙሪያው የተላጠ እንደ ሆነ ሥሩ ይራባል፤ ዛፉም ቀስ በቀስ ይሞታል። የጥዱና የወይራው ዕድል ከዚህ የተለየ አይደለም።

ይህ ልጅ ግን አላዋቂ አይደለም። ጥጃን ከወይፈን፣ ጊደርን ከላም ለይቶ በስሟ ይጠራል፤ የታመመችውን ከአረማመዷ ያውቃታል። ይህን የከተማ ልጅ በመጽሐፍ አያገኘውም። ትምህርት ቤት ሲገባም ይህ ዕውቀቱ እንደ ኋላ ቀርነት ተቈጥሮ ሊናቅበት አይገባም።

ደግሞም ቋንቋችን ራሱ መድኃኒቱን ይዟል። ዝናም ዘግይቶ የጠወለገው ዳጉሳ ቀና ሲል ገበሬው ‹‹ነፍስ ዘራ›› ይላል፤ ለዛፍ የከለከለውን የነፍስ ስም ለቡቃያው ሲሰጥ ማለት ነው! አባት ሆይ፥ ይህን ስትናገር ልጅህ በአጠገብህ ካለ፥ ዳጉሳው ምን ጠጣ? በምንስ ጠጣ? ብለህ ጠይቀው፤ ከአረሙም አንዲቱን ነቅለህ ሥሯን አሳየው።