ፊት ምስክር እንጂ ፊርማ አይደለም



በደቡብ ወሎ ደጋ በጃማ ወረዳ በምትገኘው በደጎሎ ከተማ፣ ገበያ ላይ ሰው ሰውን ሲያምን የኖረው ፊቱን አይቶ ነው። ጤፍ ወይም ስንዴ በዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ የገዢውን ፊት አይቶ፣ የማን ልጅ እንደሆነ አረጋግጦ፣ ቃሉን ሰምቶ ይሰጠዋል። እንግዳ የሆነ ሰው ደግሞ ዋስ ይጠራል። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተለይተው ይገኛሉ፤ ይኸውም ፊት ማንነትን ይመሰክራል፣ ቃል ፈቃድን ይገልጻል። ፊቱ ስለታወቀ ብቻ ከኪሱ ገንዘብ የሚወሰድበት ሰው የለም። የዚህ ንግግር ጭብጥ፣ ይህ ጥንታዊ ልዩነት በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ዘመንም ሳይደባለቅ ሊጠበቅ ይገባል የሚል ነው።

ባንክ ወደ ገጠር ሲዘልቅ የፊትን ቦታ በቁጠባ ደብተር ላይ የተለጠፈ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የቃልን ቦታ ደግሞ ፊርማ ወይም የአውራ ጣት አሻራ ወረሰ። ከዚያም የገንዘብ መክፈያ ማሽንና ካርድ መጡ። ካርዱ በእጅ የሚያዝ፣ ባለአራት አኃዙ ምስጢር ቁጥር በልብ የሚያዝ ሆነ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር፣ ካሜራ የሌለው ተራ ስልክ የያዘ ገበሬ እንኳ *127# ብሎ ገንዘብ መላክ ቻለ። ዛሬ ደግሞ ፋይዳ በመባል የሚታወቀው ዲጂታል መታወቂያ የ10 ጣቶችን አሻራ፣ የሁለት ዓይኖችን አይሪስና የፊትን ምስል መዝግቦ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ 12 አኃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጣል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይኸው መታወቂያ ግዴታ መሆን ጀመረ። በመሆኑም የሕዝብ ፊት ከባንክ ሒሳብ ጋር የሚገናኝበት መሠረት ተጥሏል። ፊትን አይቶ ሒሳብ ከመክፈት ፊትን አይቶ ክፍያ እስከ መፍቀድ ያለው መንገድ አጭር ስለሆነ፣ ጉዳዩ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

በሌላው ዓለም መንገዱ ተጀምሯል። ማስተርካርድ በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. በ12 የአውሮፓ አገሮች፣ በኢንተርኔት ዕቃ የሚገዛ ደንበኛ የካርድ ክፍያውን በጣት አሻራ ወይም በራሱ የፊት ምስል እንዲያጸድቅ አደረገ። አሊፔይ ደግሞ በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. በቻይና ሃንግዡ ከተማ፣ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ደንበኛው ፈገግ ብሎ እንዲከፍል የሚያስችል መሣሪያ አቆመ። ሆኖም በዚያ መሣሪያ ደንበኛው የስልክ ቁጥሩንም እንዲያስገባ ይጠየቅ ነበር። ይህች ትንሽ የምትመስል ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳላት ለመረዳት የአሠራሩን ስሌት መመልከት ያሻል።

ፊትን የሚለይ መሣሪያ ፊትን እንደ ሰው አያውቅም። ካሜራው ምስሉን ያነሣል፤ ፕሮግራሙ ፊቱን ከጀርባው ነጥሎ ያቃናል፤ ከዚያም በአያሌ ፎቶግራፎች የሠለጠነ የስሌት መረብ ፊቱን ወደ ረጅም የቁጥሮች ረድፍ ይለውጠዋል። ይህ ረድፍ ቀደም ሲል ከተመዘገበው ጋር ይነጻጸራል። ሁለቱ ከተወሰነ ልክ በላይ ከተቀራረቡ «እርሱ ነው» ይባላል፣ ካልተቀራረቡ «አይደለም» ይባላል። ልኩን የሚወስነው ሰው ነው። ልኩ ሲጠብቅ ባለቤቱ ራሱ ይከለከላል፤ ሲላላ ባዕድ ያልፋል። ሁለቱን ስሕተቶች በአንድነት ዜሮ የሚያደርግ ልክ የለም።

አንድ መሣሪያ ባዕዱን በስሕተት የሚቀበለው ከ10,000 ሙከራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንበል። ደንበኛው አስቀድሞ ካርዱን ካቀረበ ወይም ቁጥሩን ከሰጠ፣ ፊቱ የሚነጻጸረው ከአንድ ምስል ጋር ብቻ ስለሆነ አደጋው ያው ከ10,000 አንድ ነው። ነገር ግን ያለ ካርድና ያለ ቁጥር ፊቱ ብቻ ከ1,000,000 ደንበኞች ምስል ጋር ይነጻጸር ቢባል፣ በአማካይ 100 ባዕዳን «እርሱ ነው» ተብለው ይቀርባሉ። ይኸው አንድ መሣሪያ በመጀመሪያው አሠራር አስተማማኝ፣ በሁለተኛው ግን ለገንዘብ የማይታመን ይሆናል። የሃንግዡው መሣሪያ የስልክ ቁጥር መጠየቁ ጥቅሙ ከዚህ ላይ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ስሕተቱ ለሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ጆይ ቡኦላምዊኒ እና በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ጾታን ከፊት የሚለዩ ሦስት የገበያ ፕሮግራሞችን ፈትነው ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ስሕተቱ እስከ 34.7 ከመቶ ሲደርስ፣ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ከ0.8 ከመቶ አልበለጠም። ያ ጥናት ጾታን እንጂ ማንነትን የመለየት ፈተና አልነበረም። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ማንነትን በሚለዩ በርካታ ፕሮግራሞች ዘንድም ባዕድን በስሕተት የመቀበል ችግር በምሥራቅና በምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ላይ ከሌሎች ይልቅ ጎልቶ ታይቷል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በሌላ አገር ሕዝብ ፊት ተፈትኖ «ፍጹም ነው» የተባለ መሣሪያ በከላላ ወይም በመካነ ሰላም ወንድምን ከወንድም፣ እናትን ከልጅ ላይለይ ይችላል። ስለሆነም የሻጩ ኩባንያ የምስክር ወረቀት የአገር ውስጥ ፈተናን ሊተካ አይችልም።

የፊት ዘዴ ጥቅም የለውም ለማለት ግን አይቻልም። ድንጋይ ሲለቅም፣ ሞፈር ሲጨብጥ የኖረ ሰው የጣቱ መስመር ይፋቃል፤ አሻራ አንባቢው ደጋግሞ ይመልሰዋል። ማንበብ የማይችሉ እናት ደግሞ ምስጢር ቁጥራቸውን ለልጅ ወይም ለወኪል ሲነግሩ ምስጢሩ ያበቃለታል። ለእነዚህ ሰዎች ፊት ከጣትም ከቁጥርም የተሻለ ምስክር ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው ዘዴው ይግባ ወይስ አይግባ የሚል ሳይሆን፣ በምን ወሰን ይግባ የሚል ነው።

የመጀመሪያው ወሰን ፊት ምስጢር አለመሆኑ ነው። ምስጢር ቁጥር ቢጋለጥ በማግሥቱ ይለወጣል፤ ካርድ ቢጠፋ ይዘጋል። ፊት ግን በአደባባይ የሚታይ፣ በሠርግና በልቅሶ ፎቶግራፍ የሚነሣ፣ እንደ ቁጥር በፈቃድ የማይለወጥ ነገር ነው። የተመዘገቡት ምስሎችና የቁጥር ረድፎች ከአንድ ማእከል ቢሰረቁ ለባለቤቱ ሌላ ፊት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የለም። ስለዚህ መሣሪያው በፊቱ የቆመው ሕያው ሰው እንጂ ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ አለመሆኑን መለየት አለበት። ለዚህም አይኤስኦ 30107 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የፍተሻ ሥርዓት አበጅቷል። ካሜራውም የራሱ ድርሻ አለው። አፕል በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስልክ ላይ ከ30,000 በላይ የማይታዩ የብርሃን ነጥቦችን በፊት ላይ በመርጨት ጥልቀትን ይለካል። ጠፍጣፋ ምስል ብቻ የሚያነሣ ርካሽ ስልክ ግን ይህ ችሎታ ስለሌለው፣ በስም አንድ የሆነው ዘዴ በሁለቱ ላይ እኩል ሊታመን አይገባም።

ሁለተኛው ወሰን የመገናኛ መስመር ነው። ፊቱ ሩቅ ካለ ማእከል ጋር የሚነጻጸር ከሆነ፣ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ክፍያውም ይቋረጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱ የሚታወስ ነው። በአንጻሩ ንጽጽሩ በባለቤቱ ስልክ ወይም ካርድ ውስጥ ቢከናወን፣ ፊቱ ከመሣሪያው አይወጣም፤ ወደ ባንክ የሚላከውም ምስል ሳይሆን በምስጢር ቁልፍ የተፈረመ ማረጋገጫ ይሆናል። በዚህ መንገድ የመስመር መቋረጥ ማንነትን ከማረጋገጥ አያግድም፤ ማእከል ቢሰበርም የሚሰረቅ ፊት አይኖርም።

ሦስተኛው ወሰን የሰው ክብር ነው። በወሎ ደጋ ብዙ ሴቶች በሃይማኖት ሥርዓት ይሸፈናሉ፤ ኀዘን ላይ ያለችም በነጠላዋ ትከናነባለች፤ ሽማግሌውም በብርዱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይስባል። ገንዘብ ለመክፈል በገበያ መካከል ፊትን ግለጡ ማለት ለአንዳንዱ ቀላል፣ ለሌላው ግን ውርደት ነው። አማርኛ የናቁትንና ያገለሉትን ሰው «ፊት ነሡት» ይላል። በቤቷ ችግር ገጥሟት የገዛ ገንዘቧን ልታወጣ የመጣች እናት በማሽን ፊት ብትነሣ፣ የምትወቅሰው የስሌት ልክ የለም፤ የምትሄድበትም ሌላ በር ሊኖር ይገባል።

ሕጉ መሠረት ጥሏል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መታወቂያውን ሕጋዊ አድርጎታል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ እንደ ፊትና አሻራ ያለውን መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን መድቦታል። ሕግ ግን ልክ አያስተካክልም፤ ካሜራም አይመርጥም። ያ የመሐንዲሱ ተግባር ነው።

ከዚህ በመነሣት ለባንኮችና ለክፍያ ድርጅቶች ሥርዓት የሚነድፍ የሙያው ሰው አምስት ነገሮችን ሊጠብቅ ይገባል። አንደኛ፣ ፊት ብቻውን ክፍያ እንዳያዝ፤ ካርድ፣ ስልክ ወይም ቁጥር ይቅደመው። ሁለተኛ፣ የክፍያው መጠንና የተቀባዩ ስም ለከፋዩ በሚገባው ቋንቋ ተነቦለት፣ ፈቃዱን በተለየ ድርጊት ይግለጽ፤ ካሜራን ማየት ፈቃድ ተብሎ አይቆጠር። ሦስተኛ፣ የመቀበያው ልክ በኢትዮጵያውያን ፊት፣ በቆላና በደጋ ብርሃን፣ በወጣትና በአረጋዊ ላይ ተፈትኖ ውጤቱ ይገለጽ። አራተኛ፣ መሣሪያው የመለሰው ሰው ያለ ተጨማሪ ክፍያና ያለ ውርደት የሚስተናገድበት ሌላ መንገድ፣ ለምትሸፈን ሴትም የተከለለ ቦታና ሴት ሠራተኛ ይዘጋጅ። አምስተኛ፣ ስሕተት በተፈጠረ ጊዜ አለመክፈሉን የማስረዳት ሸክም በደንበኛው ላይ አይውደቅ፤ መክፈሉን የማስረዳት ግዴታ በባንኩ ላይ ይሁን።

ከእነዚህ አንዳቸውም ቴክኖሎጂውን የሚያዘገዩ አይደሉም፤ ይልቁንም ሕዝቡ እንዲያምነው የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። በከተማ የሚኖር ደንበኛ መሣሪያው ቢመልሰው ሌላ ባንክ ይሄዳል። የደጋው ገበሬ ግን ከመመለሱ በፊት የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዟል። የሥርዓቱ ጥራት ሊመዘን የሚገባው በዚህ ሰው ጉዞ ነው።