ከውርጭ በታች የሚቆም መሠረት



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ከእኛ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም በብርድ አገር ከመኖሪያ ቤት ጀርባ ስለሚሠራው ጣራ የሌለው የእንጨት በረንዳ ነው። ነገር ግን በሰሜን አሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ሙቀት በሚገኝባቸው ጥቂት ወራት ዘመድ ወዳጅ የሚሰበሰበው በእንዲህ ያለው በረንዳ ላይ ስለ ሆነ፤ ነገሩ የባዕድ ሰው ጉዳይ አይደለም።

በረንዳውን የሚያይ ሰው ሁሉ የጣውላውን ውበት ያመሰግናል። ዕድሜውን የሚወስነው ግን ከዐይን የተሰወረው ክፍል ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል፤ ጠርሙስ ሞልቶ በማቀዝቀዣ ውስጥ የረሳ ሰው ይህን ያውቃል። በአፈር ውስጥ የሚሆነው ከዚህ ይብሳል፤ የቀዘቀዘው አፈር ከሥሩ ያለውን እርጥበት ወደ ላይ እየሳበ የበረዶ ንጣፍ ይሠራል፤ ንጣፉም ምሰሶውን ከነሸክሙ ያነሣዋል። በረዶው ሲቀልጥ ምሰሶው ወደ ቀድሞ ስፍራው ተስተካክሎ አይመለስም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወለሉ ይዘማል፤ ደረጃውም ከቦታው ይለቃል።

ስለዚህ የሚኒሶታ የሕንፃ ደንብ፤ ከቤት ጋር የሚያያዝ በረንዳ መሠረቱ ውርጭ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች እንዲያርፍ ያዛል። ይህም በደቡቡ ክፍል 42 ኢንች፤ ማለት 1 ሜትር ከ7 ሳንቲሜትር ያህል፤ በሰሜኑ ክፍል 60 ኢንች፤ ማለት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ድካም ለመቆጠብ ጉድጓዱን በግማሽ የሚያስቀር ሰው፤ ያተረፈ መስሎት ለአንዱ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ በረንዳው ከቤቱ ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ ነው። አግዳሚው በምስማር ብቻ የተመታ እንደ ሆነ፤ ሰው በተሰበሰበበት ሰዓት ከግድግዳው ሊነቀል ይችላልና በብሎን መታሰር አለበት። ውሃም በመጋጠሚያው እየሰረገ እንጨቱን እንዳያበሰብሰው መከላከያ ይደረግለታል። የእንጨት በረንዳ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በሺካጎ ከተማ ሰው የሞላበት በረንዳ ተደርምሶ 13 ሰዎች ሞተዋል።

ሦስተኛው የማያያዣው ብረት ነው። እንጨት እንዳይበሰብስ ዛሬ የሚነከርበት መድኃኒት መዳብ የበዛበት ስለ ሆነ፤ ተራውን ምስማር ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት ይመረጣል። በጣውላና በጣውላ መካከልም የምስማር ውፍረት ያህል ክፍተት ቢተው ውሃው ይወርዳል፤ እንጨቱም ይደርቃል።

አድማጮች ሆይ፤ በአዲስ አበባ ውርጭ መሠረት አያነሣም። ነገር ግን በዝናም አብጦ በበጋ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈራችን ግድግዳ እንደሚሰነጥቅ የምታውቁት ነው። በሁለቱም አገር ትምህርቱ አንድ ነው፤ ምድር ትንቀሳቀሳለች፤ ብልህ ሠሪም እንቅስቃሴዋ ከማይደርስበት ጥልቀት ይጀምራል። በአሸዋ ላይ ስለ ተሠራው ቤት በወንጌል የተነገረው ዛሬም አላረጀም። እንግዲህ ከባሕር ማዶ ያለው ወንድማችሁ፤ «በረንዳ ልሠራ ነው» ብሎ ቢነግራችሁ፤ የጣውላውን ቀለም ከመጠየቃችሁ በፊት የጉድጓዱን ጥልቀት ጠይቁት።