ግጥምን በሌላ አንደበት መፈተን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዘፈን ግጥም መድረስ ተሰጥኦ እንጂ ትምህርት አይደለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ከሙዚቃ ሰዎች ጋር ለአንድ ሳምንት በአንድ ግቢ ውለን አድረን ስንማር የታዘብሁት ግን ሌላ ነው።

ጠዋት ጠዋት ልኬቱ ይጠናል። የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም ይዞ በ6ኛው ላይ ያርፋል፤ ሰንጎ መገን 10 ቀለም ይዞ በ5ኛው ላይ ይከፈላል። ቀጥሎም ስንኙ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰል ወይም ከአንቺሆዬ ቅኝት ጋር ይዋሐዳል። ይህን ያህሉን ማንም ሰው ለብቻው ከመጽሐፍ ሊቀስመው ይችላል።

ከመጽሐፍ የማይገኘው ማታ ይመጣል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያዜመዋል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ገና» ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ይናገራል። ደራሲው በልቡ ያጠበቀውን ዘፋኙ አላልቶ ሲያዜመው ሰሙ ይቀራል፤ ወርቁ ይጠፋል። ደራሲውም «ላስረዳ» ማለት አይገባውም፤ ዘፈን ከቤት ከወጣ በኋላ አስረጂ አይከተለውምና። የሚቀረው ምርጫ የሚወደውን ቃል መለወጥ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ይኸው ሲሆን፣ አንድ ሳምንት አብሮ መኖር የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው። በመጀመሪያው ቀን እንግዳ ሲያርመው የሚቆጣ ሰው፣ በ5ኛው ቀን እንጀራ የተቋደሰው ጓደኛ ሲያርመው ያደምጣል።

የእኛንም ንድፍ የሚያነበው እኛ በሌለንበት የቆመ ግንበኛ ነው። እንግዲህ ከቢሮ ሳይወጣ በፊት ለሌላ ዓይን እናቅርበው።