እርጥብ ድንጋይ ላይ

(በቤት ኤሊዔዘር በወጣቶችና በወላጆች ምሽት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራው ስለ ብስክሌት ነው። «ይሄ የልጆች ጨዋታ አይደል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ፣ ግን ትንሽ ታገሱኝ።

ሐደራ እንደምታውቋት ሜዳ ናት። ባሕር ዛፉ ውስጥና አሸዋው ላይ ማንም ይነዳል። እኛ ግን ድንጋይ ፍለጋ ዓርብ ጠዋት ወደ ካርሜል ተራራ እንሄዳለን። መንገዱ አንድ ብስክሌት ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ነው፤ «ሲንግል» እንለዋለን። በበጋ ድንጋዩ ጎማን ይይዛል። ዝናብ ሲነካው ግን ያው ድንጋይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ባለፈው የዝናብ ወቅት አምስት ሆነን ወጣን። ከፊት እኔ ነበርኩ። አንድ ቁልቁል የድንጋይ ደረጃ ወረድኩና ወደ ላይ ጮህኩ፦ «ና፣ ምንም አይደለም!» የመጨረሻው ጓደኛችን ከላይ ቆሞ ቀረ። እኛ ከታች ስልካችንን አውጥተን ልንቀርጸው እንጠብቃለን። ፈርቷል፤ ግን አልተናገረም። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ሲደርስ የፊቱን ፍሬን ጭምቅ አደረገ፣ ጎማው ከዳው፣ ወደቀ። የእጁ አንጓ ተሰበረ። 101 ደወልን። ከዚያ እናቱ ጋ መደወል ነበረብኝ። እሳቸው ደግሞ ልጃቸው ጓደኛው ቤት የሚያጠና ነበር የመሰላቸው።

ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አቀረቡልኝና «ከፊት የነበረው ማን ነው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። አልተቆጡም። ጎንደር ገጠር ሳሉ በክረምት ከወንዝ ውኃ ቀድተው እርጥቡን ድንጋይ እንዴት እንደሚወጡት ነገሩኝ። «ፊት የምትሄደዋ ራሷ መሻገሯ አይበቃም፤ ዞራ እጇን ትሰጣለች። የፈራችው እንስራዋን ታወርዳለች። ማን ይስቅባታል?» አሉ።

እኛ ግን ስቀን ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። አስቸጋሪ ቦታ ስንደርስ ሁላችንም ወርደን በእግር እናየዋለን። ፍሬን የምንይዘው ድንጋዩ ጋ ሳንደርስ ነው። ከኮርቻው ተነስተን፣ ፔዳሎቹን እኩል አድርገን፣ ጉልበትና ክርናችንን አላልተን እንወርዳለን። የረጠበ የዛፍ ሥር በሰያፍ ሳይሆን በቀጥታ እንሻገራለን። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። ጭቃው ጎማ ላይ መለጠፍ ከጀመረ እንመለሳለን፤ አለዚያ መንገዱንም እናበላሻለን። ሄልሜት የሌለው አይነዳም፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ደግሞ በሕግም ግዴታ ነው። «እኔ በእግሬ ነው የምወርደው» ያለውን ማንም ምንም አይለውም።

ይሄ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ። በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ የሴቶች የተራራ ብስክሌት ውድድር ኮርሱ በዝናብ ረጥቦ ነበር። ከዓለም ምርጥ ተወዳዳሪዎች መካከል ከብስክሌታቸው ወርደው በእግራቸው የሮጡ ነበሩ። እነሱ ካላፈሩ እኛ ምን ያሳፍረናል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ወላጆቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። «አትሂድ» ስትሉን ተደብቀን እንሄዳለን፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ይልቅ «ከማን ጋር? የት? ዘንቧል ወይ? ስንት ሰዓት ትመለሳለህ?» በሉን። ደግሞም የእናንተን ድንጋይና የእናንተን ወንዝ ንገሩን። እርጥብ ድንጋይ ከእኛ በፊት እናንተ ታውቁታላችሁ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለእናንተም፦ ከፊት ከሆናችሁ ዞር በሉ። ከኋላ ሆናችሁ ከፈራችሁ ተናገሩ።

ጓደኛችን እጁ ድኗል። ካገገመ በኋላ ያንን ደረጃ ብስክሌቱን ተሸክሞ በእግሩ ወረደ። እኔም ከታች ሆኜ እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩት።